ቅጹ ላይ ያልሰፈረ

ከአንካራ ስነሣ፥ ሜትሬን ጠቅልዬ፥
ሚዛንና እርሳስ በቦርሳ አዝዬ፥
"ነጩን የእረኛ ውሻ መዝግቢ" ተብዬ፥
ሲቭሪሂሳር ደረስሁ፥ አቧራ መስዬ።

ዱርሱን አጋ ቆመዋል ከበረቱ ደጃፍ፥
ከሱፍ ካባቸው ላይ ገለባው ሲረግፍ።
"ዱርሱን" ማለት "ይቆይ"፤ ሦስት ልጅ ቀብራ
እናት የለመነችው፥ በስም ላይ ቋጥራ፤
ቆዩ። ሰማንያ ሞሉ፥ ከበጎቹ ጋራ።

ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጠየቅሁ፦
"የዘሩ መነሻ?" አልሁና ጠበቅሁ።

"አክባሽ እንለዋለን፥ ነጭ ራስ ማለት ነው፤
ከየት መጣ ላልሽው፥ የጻፈልን ማነው?
አንዱ፥ ከምሥራቅ ነው፥ ፈረስ ተከትሎ፥
አንዱ፥ የዚሁ ነው፥ ከዚሁ አፈር በቅሎ፥
ይልሻል። እኔን ካልሽ፥
ከዘመዱ ከተኩላ ተጣልቶ፥ ከበግ ሊያድር ምሎ
የወጣ ለታ ነው። ጻፊው።"

አልጻፍሁም። ቅጹ "ዓመት በቁጥር" ነው የሚለው።

"ባሕርይስ?" አልኋቸው።

"ና ስትይው ያስባል፤ ሂድ ስትይው ያስባል፤
ዱላ ብትወረውሪ፥ አንቺው አምጪው ይላል።
በግ አይነዳልሽም፥ ተረከዝ አይነክስም፤
ከመሐል ሲተኛ፥ ማን በግ፥ ማን ውሻ፥ አይለይም።
ዓይኑን ሳይገልጥ ገና ከግልገል ጋር አድጎ፥
ምጥ ለያዛት በግ ጎኑን ግድግዳ አድርጎ፥
ያድራል። እንግዴ ልጁንም ይበላል፤
ጻፊው እንጂ ልጄ፥ ምኑ ያሳፍራል?
ሽታው ካልጠፋማ ተኩላ ይጠራል።"

"ነጭነቱስ?" ስል፥ ዝም አሉ። ከዘራቸውን አዩ።

"አያቴ ግራጫ ውሻ ነበራቸው፤
አንድ ሌት በጭጋግ ዱላ አነሣ እጃቸው፤
ሲነጋ የተጋደመው የገዛ ውሻቸው።
ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት
ግራጫ አልተወለደም። ቢወለድም አላደገም።"

ቡሉት ይባላል ውሻው፥ ደመና እንደ ማለት።
ሜትሬን ዘርግቼ ትከሻውን ለካሁት፦
ሰባ ስድስት ሳንቲ። አልተቆጣም፥ አልወደደኝም፤
እንደ ዝናብ ታገሠኝ። እሱ እኔን አልለካኝም።
አንገቱ ላይ ያለው የብረቱ እሾህ ግን
ሳላስበው ወግቶ አደማው መዳፌን፤
ጠብታዋ ቅጹ ላይ አረፈች።

ሌሊት ጭጋግ ወርዶ፥ የቡሉትን ድምፅ ሰማሁ፥
ወፍራም፥ ከጉድጓድ የሚወጣ፤ ባትሪ ይዤ ወጣሁ።
ብርሃኔ ሲያርፍ ስልሳ ነጭ ጀርባ ላይ፥
ውሻው የት እንዳለ ብፈልግ የማላይ።
ድንገት ከመካከል አንዱ "በግ" ተነሣ።
ተንጠራራ፤ አደገ፤ ሄደ ወደ ገደሉ፤
ሁለት አረንጓዴ ፍሞች ከዚያ ማዶ አሉ።
ቆመ። እነሱም ቆሙ። ነፋስ አለፈ መሐሉ።
ሰከንድ እኔ ቆጠርሁ፤ እሱ ግን አልቆጠረም፤
አልዘለለም፥ አልነከሰም፤ አንድ እርምጃም አልሸሸም።
ፍሞቹ ጠፉ።

ሲነጋ በግ ተቆጠረ፤ አንድም አልጎደለ።
ቡሉት ከአጥሩ ጥግ ተጋድሞ ዝንብ እፍ ይላል።
"ማታ ምን ሆነ?" አልኋቸው፥ እግሬ እንደ ራደ።
"ምንም" አሉ ዱርሱን አጋ፥ እርጎ እየቀዱ፤
"ምንም አልሆነም። ሥራው እሱ ነው።"

"ምንም" የሚጻፍበት ሳጥን ፈለግሁ፤
ከላይ እስከ ታች አየሁ፤ አላገኘሁ።
ቁመት አለ፤ ክብደት አለ፤ የጅራት ቅርጽ አለ።

አንካራ፥ አለቃዬ ወረቀቱን አይቶ፥
የደረቀውን ጠብታ በጣቱ ነክቶ፥
"ከውሻው የተወሰደ ናሙና ነው?" አለኝ።
"የኔ ነው" አልሁት።